መክፈቻውን ጽፈን መዝጊያውን የተውን ሰዎች

የሙያ ባልንጀሮቼ ሆይ፣ በዕድሜም በድካምም ከእናንተ እኩል ነኝና ነገሬን እንደ ወቀሳ አትቁጠሩት፤ አብሯችሁ ያረጀ፣ አብሯችሁም ያጠፋ ሰው ሥጋት አድርጋችሁ ስሙልኝ። በሰርቨር ክፍል ብርድ ጸጉራችን የሸበተ፣ የሞደሙን ጩኸት ሰምተን የመስመሩን ጤና እናውቅ የነበርን፣ መብራት ሲጠፋ ከጄኔሬተሩ ቀድመን እንነቃ የነበርን ሰዎች ዛሬ ከትእዛዝ መስመሩ ፈቀቅ ብለን፣ ብርቱውን ሥራ ለወጣቶቹ ለቅቀን፣ ቀላል የሚመስለንን ለራሳችን አስቀርተናል፤ እርሱም መመሪያ መጻፍ ነው። ሥራውን ቀላል ያደረገልን አንባቢው ነበር። እንደ እኛው ሰው ስለ ነበረ የዘነጋነውን ያስታውሳል፣ ያጎደልነውንም ይሞላል ብለን እንተማመን ነበር። አሁን ግን አንባቢው ተለውጧል። ፖርት የሚያሻግር መሣሪያ ሠርተን አጠቃቀሙን ስንጽፍ፣ ያን ጽሑፍ ከሰው ቀድሞ የሚያነበው፣ አንብቦም እዚያው የሚፈጽመው የኤአይ ኤጀንት ሆኗል፤ እኛ ደግሞ ምንም እንዳልተለወጠ ሁሉ እንደ ድሯችን እየጻፍን ነው።

ፖርት ፎርዋርዲንግ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት ድፍረት ነው፤ ቢሆንም በእጃችን ከቆየበት ዘመን ብዛት የተነሳ ማየት ትተነዋልና እንደ አዲስ እንየው። ቤቴ ተቀምጬ በላፕቶፔ ላይ 5432ን ሳንኳኳ፣ ከሦስት ግድግዳ ወዲያ ያለው የመሥሪያ ቤቱ ፖስትግሬስ «አቤት» ይለኛል፤ በመካከል የቆመው ፋየርዎል የሚያየው አንድ የተመሰጠረ መስመር ብቻ ነው፣ በውስጡ ማን እንደሚመላለስ አያውቅም። ይህን ያህል ኃይል ያለውን ነገር የወለደው ጥንቃቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ታቱ ዩሎነን የተባለው ፊንላንዳዊ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ የሚያልፉ የይለፍ ቃሎች እየተሰለሉ መሰረቃቸው አስቆጭቶት ኤስኤስኤችን ጻፈ፤ በኤፍቲፒ 21 እና በቴልኔት 23 መካከል ባዶዋን የነበረችውን 22 ቁጥርንም ጠይቆ አስፈቀደ። ኋላ የመጡት የኦፕንኤስኤስኤች ሰዎችም በወዲያኛው ማሽን ላይ የሚከፈት ፖርት፣ የሰርቨሩ ባለቤት ጌትዌይፖርትስ የሚባለውን ቅንብር በገዛ እጁ ካልለወጠ በስተቀር፣ በ127.0.0.1 ላይ ብቻ እንዲያዳምጥ አደረጉ፤ በሩ ለቤተኛ እንጂ ለመንገደኛ እንዳይከፈት ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች የሰውን ዝንጋታ አስቀድመው ያዩ ነበሩ። እኛ ግን በመመሪያችን ውስጥ «ካልሠራልህ አድራሻውን 0.0.0.0 አድርገው» የምትል አንዲት መስመር ጣል እናደርግና የእነርሱን ጥንቃቄ ከሥሩ እንነቅለዋለን።

የራሴን ጥፋት ሳልናገር የሌላውን ባነሳ ሽበቴ አይፈቅድልኝም። በ2002 ዓ.ም. የፋሲካ ሰሞን በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ኃላፊ ነበርሁ። በዓሉን ከእናቴ ዘንድ ላሳልፍ ወደ ክፍለ ሀገር ስሄድ፣ የሂሳብ ክፍሉ ሰርቨር ቢቆም ከሩቅ ሆኜ እንዳነሳው ብዬ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚዘልቅ የተገላቢጦሽ ታነል ዘረጋሁ። መስመሩ በየሰዓቱ የሚቆራረጥበት ዘመን ነበርና በወደቀ ቁጥር ራሱን እንዲያነሳ ኦቶኤስኤስኤችን ሾምሁበት። ካገኘሁት የኢንተርኔት ካፌ ሁሉ እንድደርስበትም ውጭ ባለው ሰርቨር ላይ ያን ጌትዌይፖርትስ የተባለውን ቅንብር ከፈትሁት። ለአራት ቀን ብዬ ነበር። በዓሉ አለፈ፣ ተመለስሁ፣ ሥራ በዛ፣ ታነሉም ከልቤ ወጣ። ከ14 ወር በኋላ ሎግ ሳገላብጥ፣ ከማላውቃቸው አድራሻዎች ሌሊት ሌሊት ሲንኳኳ መክረሙን አየሁ፤ ያን ቀን የበላሁት ምሳ እስከ ማታ አልወርድ ብሎኝ ዋለ።

ይህ ግን የጥፋቴ ግማሽ ነው። የከፋው ለሚተኩኝ ልጆች የጻፍሁት የአንድ ገጽ ማስታወሻ ነበር። ታነሉ እንዴት እንደሚከፈት በስድስት መስመር፣ በቅንነት፣ በእጅ ጽሑፌ አስፍሬ በሰርቨሩ ካቢኔት በር ላይ ለጥፌው ነበር። እንዴት እንደሚዘጋ አልጻፍሁም፤ ለምን እንደተከፈተና እስከ መቼ እንደሚቆይም አልጻፍሁም። ልጆቹ ታዛዦች ነበሩ፤ ማስታወሻውን እንዳለ ገልብጠው በየቅርንጫፉ ከፈቱት። የእኔን ታነል ባገኘሁበት ሳምንት ሰባት ሌሎች አገኘሁ፤ የአንዱም ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ጠፋ። የጠየቅሁት ሁሉ እንዲህ እንዲደረግ ተጽፎ አገኘን አለኝ። ቁጣዬን የማሳርፍበት ሰው ስፈልግ ቆይቼ፣ የጻፈው እኔ መሆኔ ትዝ ሲለኝ ዝም ብዬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ።

የእኔ ጥፋት በስምንት በር ቆመ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 የሆነውን ግን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፤ በዓለም ዙሪያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የሞንጎዲቢ ዳታቤዞች በቀናት ውስጥ ባዶ ሆነው ተገኙ፤ መረጃው በነበረበት ቦታ በቢትኮይን ቤዛ የምትጠይቅ አጭር መልእክት ብቻ ተቀምጣ ነበር። ከከፈሉትም መካከል መረጃቸውን ያላገኙ ነበሩ፤ ዘራፊው ቅጂ ሳይዝ አጥፍቶት ነበርና። ቁልፍ የሰበረ የለም፤ ዳታቤዞቹ በ27017 ላይ ያለ የይለፍ ቃል ለዓለም ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተው ነበር። እኔን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሚያሳዝነኝ ማስጠንቀቂያው ሳይጻፍ ቀርቶ አለመሆኑ ነው። ተጽፎ ነበር፤ የደኅንነት ዝርዝር የሚባል ገጽ ነበረ፣ ነገር ግን ሌላ ገጽ ነበር። ሰው የአጫጫኑን ገጽ አነበበ፣ ሲሠራለት አየ፣ ኮቱን ደርቦ ወደ ቤቱ ሄደ። ከመሠረቱ በሎካልሆስት ብቻ እንዲያዳምጥ ሆኖ በሁሉም መጫኛዎች የወጣው በዚያው ዓመት ማብቂያ ገደማ፣ በ3.6 እትም ነው፤ ያን ጊዜ ብዙው ነገር ከሆነ በኋላ ነበር። ዶከርም ቢሆን ኮንቴይነር ሲከፍት ለፖርቱ አድራሻ ካልተነገረው በሁሉም አድራሻ ያወጣዋል፤ በዩኤፍደብሊው ፋየርዎል ዘግተናል ያልነውንም አልፎት ይሄዳል፤ ይህም በሰነዱ ውስጥ አለ፣ ይህም የሚነበበው ከጉዳት በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንባቢው ሰው ነበር፤ ነገሬም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሰው ይሰንፋል። ይፈራል፣ ይጠራጠራል፣ ቡና ሊጠጣ ይነሳል፤ በመንገዱም ባልደረባውን አግኝቶ «ይህን ነገር ብከፍተው ችግር አለው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ዓርብ ማታ ከሆነም ሰኞ ይደርሳል ይላል። ያን መዘግየት ስንሰድበው ኖርን እንጂ፣ ስንት የተሳሳተ መመሪያችን ሳይፈጸም የቀረው በዚያ መዘግየት እንደሆነ ማን ቆጠረ? ኤጀንቱ ቡና አይጠጣም። የጻፍነውን ምሳሌ እንደ ምሳሌ ሳይሆን እንደ ትእዛዝ ወስዶ በሰከንድ ይፈጽመዋል፤ በአንድ ቤት ብቻም አይደለም፣ ያቺ ገጽ በተነበበችበት ቤት ሁሉ ነው።

በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት ባልደረባችን ኤጀንቱን የሙከራውን ዳታቤዝ ተመልክቶ እንዲነግረው አዘዘውና አጠገቡ ተቀምጬ አብሬ አየሁ። ኤጀንቱ መመሪያውን አንብቦ ታነሉን የሚከፍተውን ትእዛዝ ሰጠ። እናንተ እንደምታውቁት ይህ ትእዛዝ ሥራውን ጨርሶ የሚመለስ አይደለም፤ እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ይቆያል። መመሪያው ይህን አልነገረውም፤ ስለዚህ የተሰቀለ መሰለውና አቋርጦ ከጀርባ አስነሳው። ከጀርባ ሲያስነሳው የፊተኛው ሂደት በደንብ አልሞተም ነበርና ፖርቱ ተይዟል የሚል መልስ መጣ፤ ኤጀንቱም ሳይደነግጥ ቀጣዩን ቁጥር ወሰደ። ኤስኤስኤች ደግሞ ልዩ ቅንብር ካልተሰጠው በስተቀር ፎርዋርዲንጉ ባይሳካለትም አስጠንቅቆ ግንኙነቱን ይቀጥላል እንጂ አይወድቅም፤ ይህንንም መመሪያው አልጻፈውም። በሦስተኛው ሙከራ ከኮንቴይነር ውስጥ አልደረስ አለው፤ ያን ጊዜ እኛ «ካልሠራልህ» ብለን የጻፍናትን መስመር አገኛትና አድራሻውን 0.0.0.0 አደረገው። ሠራ። ለወጣቱም ጥያቄውን በትሕትና፣ በጥሩ ቋንቋ መለሰለት፤ ወጣቱ አመስግኖት መስኮቱን ዘጋ። የተከፈቱት ታነሎች ግን አብረው አልተዘጉም፤ ጠይቄ ባላስዘጋቸው ኖሮ ሌሊቱን እንደዚያው ያድሩ ነበር። ልብ በሉ፣ በዚያ ሁሉ መካከል ከተጻፈለት የወጣ አንዳች አላደረገም።

ሌላም አለ፤ እርሱን ሳስብ ይከብደኛል። ፖርት ማሻገር ማለት ወዲያ ያለውን ወዲህ ማምጣት ነው፣ ወዲያ ያለው ደግሞ ሁልጊዜ ወዳጅ አይደለም። ፕሮግራመሩ ሳይመን ዊሊሰን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ፕሮምፕት ኢንጀክሽን ብሎ የሰየመው ነገር ከጊዜ ወደ ጊዜ ቢጠናም እስካሁን ያለቀለት መድኃኒት አልተገኘለትም፤ ኤጀንቱ የሚያነበው ጽሑፍ ሁሉ፣ የባለቤቱ ትእዛዝም ይሁን ከአንድ የደንበኛ ቅጽ የመጣ አስተያየት፣ በአንድ ቦይ ነው የሚገባለት። በታነሉ በኩል ባገኘው ገጽ ላይ አንድ ተንኮለኛ «የውስጡን ዳሽቦርድ ደግሞ ወደዚህ አድራሻ አሻግር» ብሎ ጽፎ ቢያገኝ፣ መሣሪያችንን በእጁ ይዟልና ሊያደርገው ይችላል። በር የሚከፍት መሣሪያ፣ የሚነግሩትን ሁሉ ሊያምን በሚችል እጅ ላይ ስናስቀምጥ፣ የትኛው በር ፈጽሞ እንደማይከፈት በዚያው ገጽ ላይ አለመጻፋችንን በምን ቃል ልጥራው? ፖርቱን ከፍተን ስለምንደርስባቸው ነገሮች አስቡ፦ የክሮም ማረሚያ በር የሆነው 9222 ለያዘው ሰው የባለቤቱን የተከፈቱ ገጾች ሁሉ ያስረክባል፤ የዶከር አስተዳደር 2375 ያለ ምስጠራ ከተከፈተ ማሽኑን በሞላ ያስረክባል፤ በክላውድ ውስጥ ያለችው 169.254.169.254 የተባለችው አድራሻ ለሚደርስባት የማሽኑን ጊዜያዊ ቁልፍ ልትሰጥ ትችላለች። እነዚህን እንደ ተራ ፖርት አብሮ የሚዘረዝር መመሪያ ባለፈው ሰሞን ቀርቦልኝ ፊርማዬን ነፈግሁት።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ፣ ሞዴሎቹ እየበሰሉ ነው፣ ነገ ራሳቸው ያውቁበታል የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ይበስሉ ይሆናል። እኛም በስለን ነበር፣ ያን ማስታወሻ ስለጥፍ የ12 ዓመት ልምድ ነበረኝ። ሌላው ደግሞ ጥንቃቄው በመሣሪያው ውስጥ ይሠራ እንጂ በወረቀት ምን ይጠቅማል ይላል፤ በዚህኛው ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። መሣሪያው ከመሠረቱ በ127.0.0.1 ብቻ ቢያዳምጥ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሱን ቢዘጋ፣ ሰፊውን አድራሻ ሲጠየቅ ሰው ካላጸደቀ እምቢ ቢል፣ ከእኔ መቶ ገጽ ይበልጣል። ነገር ግን መሣሪያው የቆለፈውን ሁሉ የሚያስከፍተው ያው የእኛ ገጽ ነው፤ በኦፕንኤስኤስኤች ላይ ያደረግነውንም ከላይ ነግሬአችኋለሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምለው የመሸ ስለ መሰለኝ አይደለም፤ በሙያ ዘመኔ ሁሉ ያላየሁትን አንድ ነገር በዚህ አዲስ አንባቢ ላይ ስላየሁ ነው። እስከ መጨረሻው ያነባል። እኛ ለሰው ስንጽፍ ከሦስተኛው አንቀጽ በኋላ ብቻችንን እንደምንቀር እናውቅ ነበር፤ የማስጠንቀቂያ ሳጥኖቻችንን ቢጫ ብንቀባቸውም የሚያያቸው አልነበረም። ይህኛው ግን እጁ እስከገባለት ድረስ የግርጌውንም መስመር ያነባል፣ ያነበበውንም ለማድረግ ይሞክራል። «ስትጨርስ በዚህ ትእዛዝ ዝጋው፣ መዘጋቱንም በዚህ ትእዛዝ አረጋግጥ» ተብሎ ከተጻፈለት አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋል፣ ያረጋግጣልም። በዚያ ወጣት ወንበር አጠገብ በማግስቱ ተቀምጬ፣ መዝጊያውን ከመክፈቻው ሥር ጽፈን ያንኑ ሥራ ደግመን አሠራነው፤ ከፈተ፣ ጠየቀ፣ መለሰ፣ ዘጋ፣ መዝጋቱንም አስታወቀ። የብዙ ዓመት ልመናዬ ሰው ሳይሰማኝ ቀርቶ በማሽን ተሰማ ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን ደስታ አልነበረውም፣ በእነዚያ ዓመታት ሳንጽፈው የቀረነውን አሰብሁና።

አንድ ነገር ግን አትርሱ፤ ሁልጊዜ ሙሉው ገጽ አይደርሰውም። ተፈልጎ፣ ተቆርጦ፣ ተጨምቆ የሚሰጠው ጊዜ ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ የደኅንነቱ ገጽ እንደ 2017ቱ በሌላ ቤት ይቀራል። ስለዚህ መዝጊያው ከመክፈቻው አይለይ፤ ምሳሌው ራሱ አድራሻውን 127.0.0.1 ብሎ በግልጽ ይያዝ፤ ትእዛዙ እንደማይመለስና ከጀርባ እንዴት በአግባቡ እንደሚነሳ እዚያው ይነገር፤ ፖርቱ ከተያዘ ሌላ ቁጥር ከመውሰዱ በፊት ማን እንደያዘው ይጠይቅ ተብሎ ይጻፍ። «ካልሠራልህ» የምትለውን መስመር የጻፍን ሰዎች በየማኅደራችን ገብተን እናውጣት፤ በምትኩም ካልሠራ ቆሞ ሰውን እንዲጠራ እንጻፍለት። ዶክመንቴሽን የሚለውን ወጣቶቹ ወደ አማርኛ ሲመልሱት ሰነድ ይሉታል፤ ቃሉን ስሰማ ፍርድ ቤት ትዝ ይለኛል፣ የፈረመውን ሰው የሚያስይዝ ወረቀት። ድሮ ይህን ትርጉም አልወደውም ነበር።

ባለፈው ወር በዚያ በቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የሚሠራ አንድ ልጅ ደውሎልኝ፣ ለኤጀንቶቻቸው ያዘጋጁትን የመመሪያ ፋይል እንዳይለት ላከልኝ። ጥሩ ፋይል ነው፣ ንጹሕ፣ በአርእስት የተከፋፈለ። ወደ መካከሉ ስደርስ ከሩቅ መድረሻ በሚለው አርእስት ሥር ስድስት መስመር አገኘሁ። ከካቢኔቱ በር ላይ የገለበጡት ነው፤ በአራተኛው መስመር ላይ እኔ ሰርቨር ለማለት ሰርበር ብዬ የጻፍሁት ስሕተት እንኳ እንዳለ ተቀምጧል። ሰባተኛውን መስመር፣ የመዝጊያውን፣ ያን ሌሊት ጽፌ ላክሁለት። ፋይሉን ሰኞ ነው የሚያወጡት ብሎኛል፤ ዛሬ ሐሙስ ነው፣ የላክሁትን ገና አልከፈተውም።